የሴቶች ወንፈል፦ ነጋዴና የጥበብ ሴቶች ስለሚደጋገፉበት ቡድን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። የሀበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ዘጠኝ ሆነን የምንደጋገፍበት ቡድን አለን፦ ልብስ ሰፊ፣ ሰፌድ ሰፊ፣ ጸጉር ሠሪ፣ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅ፣ ሰዓሊ፣ ገጣሚ፣ ትንሽ ካፌ ያላት፣ እንዲህ እንዲህ። ስም እንኳ አላወጣንለትም። በስልክም በመንገድም፣ ቀሚስ ስለካም ሳይቀር የምጠየቀው ያው ስለሆነ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። መልሱ የእኔ ነው። የቡድኔ ሴቶች በሁለት ሦስቱ አይስማሙም፣ ይህንንም አንብበው እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ።

ይሄ ነገር እቁብ ነው፣ እድር ነው፣ ወይስ የጽዋ ማህበር?

ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይወስዳል። እኔ ግን ወንፈል ነው የምለው። ከተማ ለተወለዳችሁ ልንገራችሁ። ደቦ የጠራ ገበሬ ጠላ ያስጠምቃል፣ እንጀራ ያስጋግራል፣ ሰዉ መጥቶ ያጭድለትና በልቶ ጠጥቶ እየዘፈነ ወደ ቤቱ ይገባል። ወንፈል ግን ሒሳብ አለው። ዛሬ የእኔን ማሳ አረምን፣ ነገ የአንቺን፣ ከነገ ወዲያ የእሷን። ትልቅ ድግስ የለም። ቀን በቀን ይመለሳል።

የሴቶች መደጋገፊያ ቶሎ ሲፈርስ ያየሁት ደቦ ሲሆን ነው። አንዷ ትጠራለች፣ ሁሉም ይመጣል፣ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቲክቶክ ላይ ይለጠፋል፣ በማግስቱ ሁሉም ወደየሱቁ። ማን ለማን ምን እንዳለበት የሚያውቅ የለም። ከዚያ ያቺው ደግ ሴት ሁሌ ስትለፋ ያቺው ብልጥ ሁሌ ትጠቀማለች፣ ደጓም አንድ ቀን አኩርፋ ትቀራለች፣ የቀረችበትን ምክንያት ደግሞ አትናገርም፤ እኛ ጎጃሞች ቅሬታን በሰምና ወርቅ ካልሆነ መናገር መች እናውቅበታለን።

ብር የለኝም። ምን ልሰጥ ነው የምገባው?

ቀን። ብር ያላት ሴት አይደለም የምንፈልገው፣ ቀኗን የምትሰጥ ናት።

አንድ ደብተር አለን፣ የጸሐፊዋ ነው። በግራ "አለብኝ"፣ በቀኝ "አለኝ"። ሰዓሊዋ የሱቄን ምልክት ስትስልልኝ ሁለት ቀን ፈጀባት፣ ሁለት ቀን አለብኝ ተብሎ ተጻፈ። ለጥምቀት ቀሚስ ሲደራረብብኝ ሁለት ሴቶች መጥተው ዘርፍ ቋጠሩልኝ፣ ያም ተጻፈ። እኔ ደግሞ የካፌዋ ባለቤት ባሕር ዳር ለዕቃ ስትሄድ ልጆቿን ስጠብቅላት ዋልኩ። ልጅ መጠበቅ ቀን ነው! ይሄን ለማሳመን ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ "እሱማ ውለታ ነው፣ አይቆጠርም" የሚሉ ነበሩ። ሴትን ከገበያ የሚያስቀራት ዋናው ነገር ልጅ የሚይዝላት ማጣት ሆኖ ሳለ እሱ ካልተቆጠረ ምን ሊቆጠር ነው?

የዲዛይነሯ ቀንና የሽሮ አዘጋጇ ቀን እኩል ነው ወይ? በዚህ ሁለት ወር ተጨቃጭቀናል። በመጨረሻ እኩል ይሁን ተባለ። ማሳ ላይም ጎበዙና ልፍስፍሱ አንድ አንድ ቀን ነው የሚቆጠርላቸው። ቀለም፣ ክር፣ ትራንስፖርት የመሳሰለውን ግን ባለጉዳይዋ ትከፍላለች።

ሌላው መቀናጆ ነው። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ብቻውን አያርስም፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀናጃል፣ ተራ በተራ ያርሳሉ። እኛም ጋ አንዷ ኦቨርሎክ ማሽን ነበራት፣ ቦታ የላትም፤ ሌላዋ መንገድ ዳር ግማሹ ባዶ የሆነ ሱቅ ነበራት። ለዓመታት በአንድ መንገድ ሰላም እየተባባሉ ሲያልፉ አንዷ የሌላዋን አታውቅም ነበር። እናንተም የመጀመሪያው ስብሰባችሁ ላይ "ምን ጎደለሽ?" ከማለት በፊት "ቤትሽ ምን ተቀምጧል?" ተባባሉ። ከጓዳ የሚወጣው ነገር ያስገርማችኋል።

ስንት ሰው ይበቃል?

ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት። ከዚያ ሲበዛ የማን ልጅ እንደታመመ አይታወቅም።

ገጣሚ ነኝ። የምሸጠው ነገር የለኝም። ነጋዴ መሀል ምን እሠራለሁ?

እቴ፣ ጎጃም ተቀምጠሽ እንዲህ ትያለሽ? እማሆይ ገላነሽ ዓይናቸው ሳያይ ቅኔ ተምረው፣ ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት አገር ነው። ጂጂ የወጣችውም ከቻግኒ ነው። ቃል እዚህ ያልተከበረ የት ይከበራል።

ወደ ቁምነገሩ ስመለስ፣ የጥበብ ሰዎቹ ለነጋዴዎቹ የሚሰጡት ብዙ ነው። የእኛዋ ገጣሚ ለበርበሬዋ እሽግ ላይ ሁለት መስመር ጻፈችላት፤ ሰው መጀመሪያ ለግጥሙ ስቆ ነው እሽጉን ያነሳው። ለእኔም ቴሌግራም ላይ የምለጥፈውን ታርምልኛለች፤ እኔ ብቻዬን ስጽፍ "ዋጋ በውስጥ መስመር" ብዬ ነበር የማቆመው። እሷ ደግሞ በተራዋ ካፌው ውስጥ በወር አንድ ማታ የግጥም መድረክ አገኘች፣ በዚያ ማታ ካፌው ከወትሮው በላይ ቡና ይሸጣል። ማን ማንን እንደጠቀመ እስካሁን አልገባኝም፣ ደብተሩ ላይም "ተቻችሏል" ተብሎ ነው የተጻፈው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለነጋዴዎቹ፦ ሰዓሊን "እስቲ ቶሎ ጣል ጣል አድርጊልኝ" አትበሏት። ቶሎ የሚጣል ሥራ የለም። ለእሱም ቀን ይቆጠራል።

ሁለት ልብስ ሰፊ በአንድ ቡድን ይሆናል? ሞዴሌን ብትሰርቀኝስ?

ይሆናል። እንዲያውም ይመከራል። አንዷ ስትታመም ትእዛዙ ከሰፈር ሳይወጣ ሌላዋ ትጨርሰዋለች። ሠርግ ሲመጣ አሥራ አምስት የሚዜ ቀሚስ ብቻዬን አልችልም፤ ለሁለት ግን እንችላለን። እምቢ ካልኩ ሙሽራዋ ባሕር ዳር ወይ አዲስ አበባ ሄዳ ታሰፋለች፤ ከዚህ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ለሠርግ ልብስ ማንም ይሄደዋል።

ስለ መስረቅ። የጥለት መስቀሉና የድሮው ጥልፍ የማንም አይደለም፣ የአያቶቻችን ነው፤ "የእኔ ነው" ብትዪ ይስቁብሻል። ከራስሽ አውጥተሽ የሣልሽው አዲስ ንድፍ ግን የአንቺ ነው። የቅጅ መብት አዋጁ (410/1996) ሥራው እንደተሠራ ይጠብቀዋል፣ የግድ ማስመዝገብ አይጠይቅም። ቢሆንም ማን ቀድሞ እንደሠራው ማሳየት አለብሽ፦ ቀን ያለበት ፎቶ ይኑርሽ፣ ንድፉን የሳልሽበት ወረቀት አይጣል። የሱቅሽን ስምና ዓርማ ግን በንግድ ምልክትነት አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይሻላል፤ አንዴ የተመዘገበ ለ7 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል።

በቡድኑ ውስጥ ያለን ደንብ ከዚህ ይቀላል። የሌላዋን ሞዴል የፈለገች ትጠይቃለች። ሳትጠይቅ ከሠራች ሦስት ቀን ትቀጣለች፣ ለባለቤቷ ትሠራለች። እስካሁን አንዴ ነው የሆነው። ማን እንደሆነች አልናገርም (እኔ ነኝ)።

ገንዘቡንስ እንዴት ነው የምታደርጉት?

እቁብ አለን፣ ግን ከወንፈሉ ለይተን ነው የያዝነው። በየሁለት ሳምንቱ 1,000 ብር፣ ዘጠኝ ሰው፣ ዕጣው 9,000 ብር ይወጣል። በ18 ሳምንት ያልቃል። ሆን ብለን ነው ያሳጠርነው። ዓመት የሚፈጅ እቁብ ላይ መጨረሻ የሚደርሳት ሴት ብሩ እጇ ሲገባ የክሩም የጨርቁም ዋጋ ሌላ ሆኖ ይጠብቃታል። የጣለችው ብርና የበላችው ብር ቁጥሩ እኩል ነው፣ የሚገዛው ግን እኩል አይደለም።

ዳኛ አለን፣ ጸሐፊ አለን፣ ዕጣ የወጣላት ዋስ ትጠራለች። እንደማንኛውም እቁብ። ክረምት ላይ እናቆማለን። ሠርግ የለም፣ ገበያው ጭቃ ነው፣ ገበሬውም እህሉን የሚሸጠው ወቅቶ ሲያበቃ ታህሳስና ጥር ላይ ነው፤ ደብረ ማርቆስም ብር የሚገባው ያኔ ነው። በነሐሴ 1,000 ብር ጣይ ማለት ሴትየዋን ሌላ ቦታ ተበደሪ ማለት ነው። ሰፌድ ሰፊዋ ብቻ ተቃራኒ ናት። ስንደዶና አክርማ የሚለቀመው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ገደማ ስለሆነ ያኔ የዓመቱን ለመግዛት ብር ትፈልጋለች፤ የመስከረሙ የመጀመሪያ ዕጣ ያለ ዕጣ የእሷ ነው። ማንም አልተቃወመም።

በቴሌብር ነው የምንልከው። አንድ ነገር ብቻ፦ "ልኬያለሁ" ተብሎ የመጣ መልእክትና ስክሪንሾት አትመኑ፣ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ከደንበኛ ቀብድ ስትቀበሉም እንደዚያው። አንድ ቀሚስ በስክሪንሾት ሄዶብኛል።

በቡድን ሆነን ብድር ይቀለናል?

አንዳንዱ ይቀላል፣ ግን ረጋ ብላችሁ። የብዙ ሴት ችግር ለባንክ የምታስይዘው ማጣት ነው፤ ቤቱም ካርታውም በአብዛኛው በባል ስም ነው። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሕንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1972 ኤላ ባት የመሠረተችው ሴዋ የሚባል የሴት ሠራተኞች ማህበር አለ፤ ባንኮች ለጉሊት ሻጭና ለልብስ ሰፊ አናበድርም ሲሏቸው ከሁለት ዓመት በኋላ 4,000 ሴቶች አሥር አሥር ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ። እኛ አገር ደግሞ እናት ባንክን በአብዛኛው ሴቶች ናቸው አስተባብረው ያቋቋሙት፣ በ2005 ሥራ ጀመረ። ማስያዣ ለሌላቸው ሴቶች ሌላ ሰው በሚያስቀምጠው ገንዘብ ዋስትና የሚያበድርበት መንገድ አለው። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጣሪዎች ፕሮጀክት ሲመጣም ባሕር ዳር ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች አንዷ ነበረች።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ አለ፣ 1147/2011። በዚህ አዋጅ የስፌት ማሽን፣ ሱቅ ውስጥ ያለ ዕቃ፣ ሰው ያለበት ዕዳ ሳይቀር ለብድር መያዣ መሆን ይችላል፣ ምዝገባው በብሔራዊ ባንክ ነው። አበዳሪው ሁሉ በደስታ ይቀበላል ማለት አይደለም። ብቻ "ቤት ከሌለሽ ሂጂ" ሲሉሽ አዋጁን በቁጥሩ ጥሪ፣ ቢያንስ ወንበር ይሰጡሻል። የማሽንሽን ደረሰኝ ደግሞ አትጣይ! እኔ የመጀመሪያውን ማሽኔን ደረሰኝ ለልጄ የወረቀት ጀልባ አድርጌዋለሁ።

የቡድን ዋስትና ያለበት ብድር የድሮ ነገር ነው፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) በዚህ ነው ገጠሩን ያዳረሰው። እዚህ ላይ ከቡድኔ ጋር አልስማማም። እኔ ዘጠኛችንም አንዳችን ለአንዳችን የባንክ ዋስ መሆን የለብንም ባይ ነኝ። የቀን ዕዳ ሳትመልሺ ብትቀሪ ቅያሜ ነው፣ የባንክ ዕዳ ሳትመልሺ ብትቀሪ ግን ወንፈሉም እቁቡም ቡናውም አብሮ ይፈርሳል። ሁለት ሦስት የሚተማመኑ ለብቻቸው ይዋዋሉ።

ሸክላ ሠሪ ሴት ልትገባ ፈለገች፣ አንዳንዶቹ ግን ፊታቸውን አጠቆሩ። ምን ይሻላል?

ይህን ጥያቄ በጆሮ ነው የሚጠይቁኝ። ጮክ ብዬ ልመልሰው።

የእጅ ሙያ የሚያውቅን ሰው ቡዳ ማለት አገራችን ላይ ያለ ነውር ነው፤ ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን። ጣና ዳር ያሉት የነገደ ወይጦ ሴቶችም ሰፌዳቸውን ገዝተን ማዕዳቸውን እንሸሻለን። አስቡት እንግዲህ፦ በእሷ ምጣድ ጋግረን፣ በእሷ ጀበና አፍልተን፣ ስኒውን ለእሷ ለማቅረብ እጃችን ይፈራል። እኔም ሳድግ እንዲህ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፣ ንጹህ ነኝ አልልም።

እኛ ጋ ስብሰባ አድርገን አላስተማርንም። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ፣ እትዬ የምንላት፣ ሸክላ ሠሪዋ በመጣችበት ቀን አጠገቧ ተቀመጠች፣ አቦሉን ለእሷ ሰጠች፣ ከእሷው ሳህን ቆሎ ዘገነች። አለቀ። ከዚያ በኋላ ፊት ያጠቆረችው አንዷ ሁለት ጊዜ ቀረች፣ በሦስተኛው መጣች። ምክር ከፈለጋችሁ፦ ለክርክር አትክፈቱት፣ ድምጽም አትስጡበት። በሰው ልጅ ላይ ድምጽ አይሰጥም። የተከበረች አንዲት ሴት አጠገቧ ትቀመጥ።

ባሌ "ምን ልትሠሪ ነው ከሰው ቤት የምትውይ" ይለኛል።

ደብተሩን አሳዪው። ቀልዴን አይደለም። የእኔ ባል ጸጥ ያለው "በዚህ ወር አራት ቀን ተሠርቶልኛል፣ ለሰው ብከፍል ኖሮ ይህን ያህል ነበር" ብዬ ስቆጥርለት ነው። በተጨማሪ በትዳር ውስጥ ያገኛችሁት የሁለታችሁ ነው፤ የንግድሽ ትርፍም የቤቱ ነው። ዱላ ያለበት ቤት ከሆነ ግን ጉዳዩ የደብተር አይደለም። ለእትዬ ወይም ለምታምኛት አንዲት ሴት ንገሪ፣ ሁላችን ፊት መናገር የለብሽም።

ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልገናል?

ቀን ለመለዋወጥና እቁብ ለመጣል አያስፈልግም። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጁም (1113/2011) እድርና እቁብን አይመለከትም። እርዳታ ለመቀበል፣ ስልጠና ለመስጠት፣ በቡድኑ ስም ለመቆም ከፈለጋችሁ በዚሁ አዋጅ አምስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ማህበር ትመሠርታላችሁ፣ ትርፍ ግን አትከፋፈሉም። አብረን ነግደን እንካፈል ካላችሁ የንግድ ሕጉ ነው የሚመለከታችሁ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር በ15,000 ብር ካፒታል ይጀመራል። የየራሳችሁ ንግድ ፈቃድና ግብር ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም፣ እሱ እንዳለ ነው።

የእኔ አስተያየት? አትቸኩሉ። አንድ ጊዜ አንድ ቢሮ ስልጠና ብሎ ጠራን። ባነር ተሰቀለ፣ ፎቶ ተነሳን፣ አበል ተፈረመ፣ "ተደራጁ" ተባልን። የተነገረን ሁሉ እኛ በደብተር የያዝነው ነበር፣ ልዩነቱ የእነሱ በፕሮጀክተር መሆኑ ነው።

መቼና የት እንሰብሰብ?

ሥራ በማይሠራበት ቀን። ሰፌድ ሰፊዋና ፈታይዋ በ21 በማርያም፣ በ29 በበዓለ ወልድ ወስፌም እንዝርትም አያነሱም። ያን ቀን ብትሰበሰቡ ማንም ገቢ አይቀርባትም። ሙስሊም እህቶች ካሏችሁ የአርብ ቀትርንና ረመዳንን አስቡ። የገበያ ቀን በፍጹም አይሆንም። ቤት ለቤት በተራ እንሄዳለን፣ ቡናና ቆሎ ብቻ ነው የሚፈቀደው። አንዷ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችን፣ ቀጣይዋ በግ ልታርድ ማሰብ ጀመረች፤ እንዲህ ነው ወንፈል ወደ ደቦ የሚሄደው፣ ወዲያው ከለከልን።

መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ከነሐሴ 2015 በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ በቴሌግራም ብቻ የምትሸጥ ሴት ደንበኞቿን በአንድ ሌሊት አጣች። እኔም ከነዚያ ነበርኩ። ያቆየን በእግር የሚደረስበት ቡድን መሆኑ ነው። የደንበኞቻችንን ስልክ በወረቀት ገለበጥን፣ የሁሉንም ናሙና በሦስት ሱቆች በተንን፤ ካፌው ውስጥ ቀሚስ ተሰቅሏል፣ ጸጉር ቤቱ ውስጥ በርበሬ አለ። ዳታው ተመልሶም ናሙናውን አላነሳነውም፣ ጸጉሯን ልትሠራ መጥታ በርበሬ ገዝታ የምትወጣ ሴት ብዙ ናት።

ወንድ ይገባል?

አይገባም። ቡና ለማፍላት ከሆነ ይምጣ።

ወስዳ ወስዳ የማትመልስ ሴት ብትኖርስ?

ትኖራለች። በየሦስት ወሩ ደብተሩ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ያ ብቻውን ግማሹን ይፈታዋል። ከስድስት ቀን በላይ ያለባት አዲስ ቀን አትጠይቅም። ታማ ወይ ወልዳ ከሆነ ይጠበቃል፣ ሐዘን ከሆነ ይሰረዛል። መውጣት የምትፈልግ ያለባትን ቀን ሠርታ ወይም በዕለቱ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ከፍላ ትወጣለች፣ ያላትም ተሠርቶላት ነው የምትወጣው። አንዲት አዲስ አበባ ገብታ ሁለት ቀን ዕዳ ይዛ ሄዳለች፤ ደብተሩ ላይ አሁንም አለ፣ በእርሳስ።

የእኔን ከጠየቃችሁ ለሰዓሊዋ ሁለት ቀን አለብኝ። ከፋሲካ በፊት ብያታለሁ።